ከጅማ እስከ ጊቤ ድልድይ፦ በአሮጌው የአዲስ አበባ መንገድ የአንድ ቀን የመኪና ጉዞ

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙው ሰው ይህን መንገድ የሚያውቀው በአውቶቡስ መስኮት፣ ያውም በእንቅልፍ ልቡ ነው። እዚህ የምናሳየው ግማሹን ያህል ብቻ ነው፦ በራስ መኪና ከጅማ ተነስቶ እስከ ጊቤ ድልድይ፣ ወደ 165 ኪሎ ሜትር መሄጃ፣ ያንኑ ያህል መመለሻ። ጠዋት ለወጣ ሰው አንድ ቀን ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው ከአበልቲ ከተማ ወደ ጊቤ ወንዝ የሚወርደው ቁልቁለት ነው። ሌላው ክፍል መንዳት የለመደ ሰው የሚቸገርበት አይደለም። ስለዚህ መኪናውን ስትፈትሹም፣ ሰዓት ስትቆጥሩም፣ ቁርስ የምትበሉበትን ስትመርጡም ያንን ቁልቁለት አስባችሁ አድርጉት። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር አካባቢ ናት፤ ድልድዩ 1,100 ሜትር አካባቢ ነው። ሰኮሩ ደግሞ ከጅማም ከፍ ትላለች። ይህ ሁሉ ከፍታ የሚያልቀው በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው።

ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ሰው አሰንዳቦ ደርሶ፣ ከዚያ ትንሽ አልፎ የግልገል ጊቤን ሐይቅ አይቶ ይመለስ። አሰንዳቦ ከጅማ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሚያስፈራ ቁልቁለትም የለበትም።

መንገዱ ታሪካዊ የሆነበት ምክንያት

ከመኪና በፊት በዚህ አቅጣጫ የሚሄደው የሲራራ ነጋዴ ነበር። የአባ ጅፋር ጅማ በሒርማታ ገበያዋ ትታወቅ ነበር፤ ቡና፣ ማርና ዝባድ ይወጣባታል፣ አሞሌ ጨው ይገባባታል። በዚህ አቅጣጫ የመኪና መንገድ በስፋት የተሠራው በጣሊያን ወረራ (1928–1933 ዓ.ም.) ጊዜ ነው። ጣሊያን ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ ስላደረጋት ከአዲስ አበባ ጋር በመኪና መንገድ ማገናኘት ግድ ሆነበት። በ1933 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ደግሞ ከአዲስ አበባ የተባረረው የጣሊያን ጦር ጊቤን መከላከያ መስመር አድርጎ ተዋጋ። ጅማ ከጣሊያን እጅ የወጣችው ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ከ1943 ዓ.ም. ወዲህ አገሪቱን የሚያገናኙት አውራ ጎዳናዎች በአውራ ጎዳና ባለሥልጣን እጅ ገቡ። ዛሬ የምትነዱበት አስፋልት ከዚያ በኋላ በተለያየ ጊዜ የታደሰ ነው፤ አቅጣጫው ግን በአብዛኛው ያው የድሮው ነው።

1. መኪናው፦ ከሁለት ቀን በፊት

ዋዜማ ማታ የሚደረግ ፍተሻ ፍተሻ አይባልም። ችግር ቢገኝ ጋራዥ የሚያስገባ ጊዜ ያስፈልጋል። ከሁለት ቀን በፊት እነዚህን እዩ።

የፍሬን ሸራ። የፊት ጎማ አስወልቃችሁ ውፍረቱን ተመልከቱ። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ይቀየር። በከተማ ውስጥ "ገና ወር ይሠራል" የሚባል ሸራ ቁልቁለት ላይ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ቀጭን ሸራ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ፍሬን ዘይቱ ያሳልፋል።

የፍሬን ዘይት። አብዛኛው ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት በገባበት መጠን የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይችላል፤ እርጥበት ከገባበት በኋላ 155 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ዶት 3 ከዚህም ያንሳል፦ አዲሱ 205፣ ያረጀው 140። በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እዚያ ሙቀት መድረስ አያቅተውም። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፣ ስለዚህ ፔዳሉን ስትረግጡ ወለል ድረስ ይወርድላችኋል። ከተቀየረ ሁለት ዓመት ያለፈው ወይም ቡና የመሰለ ዘይት ሙሉ በሙሉ ይቀየር፣ አየሩም ይውጣ። ላዩ ላይ መጨመር አይበቃም።

ራዲያተር። መኪናው በበረደበት ሰዓት ክዳኑን ከፍታችሁ ውሃው አፍ ድረስ መሆኑን እዩ። ክዳኑ ራሱ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ የሚይዘው ግፊት ነው። ውሃ በጅማ ከፍታ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተር ከዚያ በላይ ሞቆ የማይፈላው በክዳኑ ግፊት ነው። የክዳኑ ላስቲክ ከተሰነጠቀ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ እንኳ ዳገቱ ላይ ታፈሉታላችሁ። ከጠቅላላው ዕቃ ርካሹ እሱ ነው፤ ከተጠራጠራችሁ በተመሳሳይ ቁጥር ቀይሩት።

ጎማ። ጎሚስታ ዘንድ ሄዳችሁ በብርዱ አስለኩ። ትክክለኛው መጠን በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፏል፤ ለትንንሽ የቤት መኪኖች ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ፒ.ኤስ.አይ. መካከል ነው። ስኮርታውንም (ትርፍ ጎማውንም) አስለኩ። ባዶ ስኮርታ ይዞ መንገድ መውጣት የተለመደ ስለሆነ ነው የምንለው።

ቺንጋው እንዳልተሰነጠቀ፣ የዝናብ መጥረጊያው ላስቲክ እንዳልደረቀ፣ የኋላ መብራትና ፍሬቻ እንደሚሠሩ አንድ ጊዜ ዞራችሁ እዩ።

2. የሚያዝ ዕቃ፣ ወረቀትና ነዳጅ

መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ቦሎ። ኬላ ላይ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው። ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ወፍራም ጓንት፣ ለራዲያተር ብቻ የሚሆን 5 ሊትር ውሃ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን። የመጠጥ ውሃ በሰው 3 ሊትር ይሁን፤ ጊቤ በረሃ ነው፣ ጅማን አስባችሁ ሹራብ ብቻ ደርባችሁ አትውረዱ።

ጎማ መደገፊያ ሁለት የእንጨት ሽብልቅ አሠርታችሁ ያዙ። ጅማ ውስጥ እንጨት ሠሪ አይጠፋም። ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንስቶ ጎማ ሥር ማድረግ፣ ከዚያም ትቶት መሄድ የዚህ መንገድ ክፉ ልማድ ነው። የተተወው ድንጋይ ማታ ላይ የሌላውን ሰው መኪና ይጠብቃል።

ነዳጅ ከጅማ ሞልታችሁ ውጡ። ትንሽ የቤት መኪና ለ330 ኪሎ ሜትሩ 25 ሊትር ገደማ ሊበቃው ይችላል፤ ለዳገቱና ለሰልፉ ብላችሁ 30 ያዙ። መንገድ ላይ ማደያ አለ፣ ነዳጅ ግን ሁልጊዜ የለም። ክፍያው በስልክ ስለሆነ ዋዜማውን ሂሳባችሁን አስገቡ፣ ስልኩንም ቻርጅ አድርጉ። ካርታ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አስቀድማችሁ አውርዱት፤ ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ ይቆራረጣል።

3. ቀንና ሰዓት

ሹፌር ጠይቁ። ዋዜማ ማታ መናኸሪያ ሄዳችሁ ከአዲስ አበባ የገባ ሹፌር ብታናግሩ መንገዱ እንዴት እንደዋለ፣ የተንሸራተተ አፈር ወይም ግንባታ እንዳለ፣ ፀጥታው ምን እንደሚመስል ከማንም በተሻለ ይነግራችኋል። "መንገዱ ደህና አይደለም" ካለ ክርክር አያስፈልግም፤ ሌላ ቀን ይሁን።

ሰዓቱ እንዲህ ቢሆን ይመቻል፦

ከጠዋቱ 12:30 ከጅማ መነሳት
2:30 ሰኮሩ፣ ቁርስና የመኪና ፍተሻ
3:15 ከሰኮሩ መነሳት
5:00 ገደማ ጊቤ ድልድይ
6:30 ለመመለስ መነሳት፣ ቢዘገይ 7:00
ከ10:30 እስከ 11:00 ጅማ

የመመለሻው ሰዓት ላይ ድርድር የለም። ለጎማ መቀየሪያ ወይም ለሞተር ማብረጃ የምትሆነው ትርፍ ሰዓት ካለቀች ጨለማ መንገድ ላይ ይይዛችኋል። ማታ መብራት የሌለው ጋሪ፣ መንገድ ላይ የተኛ ከብትና ረጅም መብራቱን የማይቀንስ ከባድ መኪና አብረው ይመጣሉ።

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለዚህ ጉዞ ምርጡ ነው፦ መንገዱ ደርቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ቡና ለቀማ ላይ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጠዋት ጉም ይወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይጥላል። በክረምት መሄድ ካለባችሁ መነሻውን ወደ 1:30 ገፋ አድርጉት፣ ድልድዩ ላይ የምትቆዩበትን ጊዜ ቀንሱ። ሐሙስ የጅማ ገበያ ስለሆነ ከሰርቦ አቅጣጫ ወደ ከተማ የሚገባው እግረኛና አህያ ይበዛል። አርብ ከ6:00 እስከ 8:00 ባለው ጊዜ በከተሞቹ መስጊድ አጠገብ ሰውና መኪና መንገዱን ይሞላዋል። ረመዳን ከሆነ ደግሞ ቀን ላይ ብዙ ምግብ ቤት ዝግ ስለሚሆን ስንቅ ያዙ።

4. ከጅማ እስከ አሰንዳቦ

ከጅማ ስትወጡ የመጀመሪያው ፈተና ባጃጅ ነው። ሳያሳይ ይታጠፋል፣ ሰው ባየበት ይቆማል። ቦዬን እስክታልፉ ከ40 በላይ አትንዱ። ቦዬ ረግረጉ በስተዳር የሚታይ፣ ጠዋት ወፍ የማይጠፋበት ቦታ ነው፤ ማየት የሚፈልግ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ይቁም። ጠዋትና አመሻሽ ላይ ከብት የሚሻገረውም እዚሁ አካባቢ ነው።

ከብት ሲያጋጥም የመጀመሪያዋን ላም አልፎ መሄድ አይበቃም። ጥጃ ካላት ወይም ኋላ የቀረች ካለች እሷም ሮጣ ትከተላለች። እረኛው ወዴት እንደሚያይ እዩ፤ ዓይኑ ካለበት ሌላ ከብት ይመጣል። ክላክስ ከሩቅ አንድ ጊዜ አጠር አድርጉ፤ ተጠግታችሁ ብታስጮኹት ደንግጣ ወደ እናንተው ትዞራለች። አህያ ግን ክላክስም አይሰማ፣ መንገድም አይለቅ፤ ፍጥነት መቀነስ ብቻ ነው።

ሰርቦ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከእሷ እስከ አሰንዳቦ መሬቱ ሜዳማ ስለሆነ እግር ሳይታወቅ ነዳጁ ላይ ይከብዳል። እዚህ ሦስት ነገር ልብ በሉ። ጫት የጫነ መኪና ከኋላ ሲመጣ ሰዓቱን እየተሻማ ስለሆነ አትፎካከሩት፤ ቀኝ ይዛችሁ አሳልፉት። መንገድ ላይ የተነጠፈ ቅጠል ወይም ቅርንጫፍ ካያችሁ ከፊት የተበላሸ መኪና ቆሟል ማለት ነው፤ ወዲያው ፍጥነት ቀንሱ፣ ብዙ ጊዜ ኩርባው ዞር እንዳለ ነው የምታገኙት። ሦስተኛው "ሃይላንድ! ሃይላንድ!" እያሉ የሚጣሩ ልጆች ናቸው። ባዶ ጠርሙስ በመስኮት አትወርውሩ። እሱን ለማንሳት ሲሻሙ ከኋላችሁ ያለው መኪና ፊት ይገባሉ። መስጠት ከፈለጋችሁ ቆማችሁ በእጅ ስጡ።

በከተሞቹ መግቢያና መውጫ ላይ ብሬከር አለ። ቀለሙ የለቀቀ ብዙ ስለሆነ ከሩቅ የሚያሳብቀው ከፊት ያለው መኪና ኋላው ዘለል ማለቱ ነው።

5. ከአሰንዳቦ እስከ ሰኮሩ

አሰንዳቦን አልፋችሁ ወደ ደነባ ስትሄዱ የግልገል ጊቤ ግድብ ያቆረው ውሃ ይታያል። ግድቡ ሥራ የጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። በዓይን ማየት ይበቃል፤ ወደ ግድቡና ወደ ማመንጫው ካሜራ ከማዞር በፊት ጥበቃ ካለ ጠይቁ።

ከዚህ በኋላ መንገዱ እየወጣ እየወረደ፣ እየዞረ ይሄዳል። አሮጌውን መንገድ ፈልጎ ማየት ለሚወድ ሰው የተመቸው እዚህ ነው፤ ሥራው ግን የተሳፋሪው እንጂ የሹፌሩ አይደለም። አዲሱ አስፋልት ኮረብታውን ቀጥ ብሎ ሲቆርጥ፣ ከጎኑ የኮረብታውን ወገብ ይዞ የሚዞር ጠባብ፣ ሣር የበቀለበት እርከን ካያችሁ የቀድሞው መስመር ሊሆን ይችላል። የድሮ መንገድ ቀያሾች ዳገትን በመቁረጥ ፈንታ ይዞሩት ነበር፤ በእጅና በአካፋ ለሚሠራ መንገድ መዞር ይረክሳል። ሌላው ምልክት ግንቡ ነው። በድሮው ሥራ የውሃ ማሳለፊያዎችና የገደል መደገፊያዎች ከተጠረበ ድንጋይ ይገነቡ ነበር፤ የዛሬዎቹ ባብዛኛው ኮንክሪት ናቸው። ቆማችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ኩርባ ላይ አይሁን። ከፊትም ከኋላም ቢያንስ 150 ሜትር የሚታይበት ቀጥ ያለ ቦታ ምረጡ። የሰው እርሻ ካለ ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትግቡ። አዛውንት ካገኛችሁ "አባባ፣ የድሮው መንገድ በየት ነበር?" በሉ። በአፋን ኦሮሞ "አካም ጅርቱ" ብሎ ሰላምታ መጀመር ደግሞ ወሬውን ያረዝመዋል።

የኪሎ ሜትር ምልክት ባለበት ቁጥሩ የሚቆጠረው ከአዲስ አበባ ነው። ከጅማ ስትሄዱ እየቀነሰ ይመጣል።

6. ሰኮሩ ላይ መቆም

ሰኮሩ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቁርሱን እዚህ ብሉ፤ ጨጨብሳም እንቁላልም አይጠፋም፣ ቡናው ደግሞ አያሳፍርም። እናንተ ስትበሉ ሞተሩ ይበርዳል። ከመነሳታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ለመኪናው ስጡ፦ አራቱንም ጎማ በዓይን፣ ከሥር የፈሰሰ ዘይት ወይም ውሃ፣ የፍሬን ዘይት መጠን። ከዚያ መኪናው ቆሞ ፔዳሉን አጥብቃችሁ ረግጣችሁ ሠላሳ ሰከንድ ያዙት። ቀስ እያለ ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈስሳል ወይም ዋናው የፍሬን ፓምፕ አልቋል። በዚህ ሁኔታ ወደ ጊቤ አይወረድም። የዛሬው ጉዞ ሰኮሩ ላይ አበቃ፤ መካኒክ ፈልጉ።

ሰኮሩን አልፋችሁ የየም አገር ከተማ የሆነችው ሳጃ ትመጣለች። የሞች በየዓመቱ ጥቅምት 17 ቀን መድኃኒት የሚሆኑ ዕፅዋት የሚለቅሙበት የታወቀ ልማድ አላቸው፤ በዚያ ሰሞን የምትሄዱ ከሆነ ጠይቃችሁ እዩት።

7. ቁልቁለቱ

ሕጉ አንድ ነው፦ መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ነው፤ ፍሬን የሚያግዘው ብቻ ነው። ቁልቁለቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ።

ማርሹ የሚቀየረው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ፍጥነት ከያዛችሁ በኋላ ወደ ታች ማርሽ ማስገባት ያስቸግራል፤ እንቢ ብሎ ፍሪ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) ቢቀር ደግሞ ሞተሩ ምንም አይዝላችሁም። አበልቲን አልፋችሁ መንገዱ ወደ ታች ማዘንበል ሲጀምር ፍጥነቱን ወደ 40 አውርዱ።

ማንዋል መኪና ከሆነ ሦስተኛ ማርሽ፣ ጠበቅ ያለ ኩርባና ቀጥ ያለ ቁልቁለት ላይ ሁለተኛ። እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ፍጥነቱ እንዳለ ከቆየ ማርሹ ትክክል ነው፤ እየጨመረ ከሄደ አንድ ቀንሱ።

አውቶማቲክ ከሆነ "ዲ" ላይ ትታችሁ አትውረዱ። መጀመሪያ የኦቨርድራይቭ ቁልፏን አጥፉ፤ ካልበቃ ወደ "2"፣ በጣም በቆመ ቁልቁለት ላይ ወደ "ኤል" አምጡት። አንዳንድ መኪና ላይ "ኤስ" ወይም "ቢ" የሚል አለ፤ ሥራው ያው ነው። ሞተሩ ይጮኻል። ቆጣሪው 3,000 ወይም 3,500 ቢያሳይ አትደንግጡ፤ ቀዩ መስመር እስካልደረሰ ሞተር በዚህ አይጎዳም።

ፍሬን አረጋገጥ። ቀለል አድርጎ ያለ ማቋረጥ መያዝ ትክክል አይደለም፤ ሸራውን የሚያነደው እሱ ነው። ፍጥነቱ 45 ሲደርስ ጠበቅ አድርጋችሁ ለሦስት ለአራት ሰከንድ ረግጣችሁ ወደ 35 አውርዱ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቁት። በሁለት ርግጫ መሀል ንፋስ ያበርደዋል።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ፍሪ መልቀቅ ሁለት ጊዜ ስሕተት ነው። በኢንጀክሽን የሚሠራ መኪና በማርሽ ላይ ሆኖ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል፤ ፍሪ ላይ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ያቃጥላል። ሞተር አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፦ የፍሬን አጋዡ ከሁለት ሦስት ርግጫ በኋላ ያልቅበታል፣ መሪው ይከብዳል፣ ቁልፉ ከተነቀለ ይቆለፋል።

ከፊታችሁ ሲኖትራክ ወይም የጫነ አይሱዙ ካለ 60 ሜትር ያህል ራቁ። ቀኝ ፍሬቻ ካሳያችሁ "እለፍ" ማለቱ ሊሆን ይችላል፣ ሊቆም ወይም ሊታጠፍም ሊሆን ይችላል። መንገዱ ለእናንተ ካልታየ በእሱ ዓይን አትለፉ። ከኋላ የሚመጣ ከባድ መኪና ተጠግቶ ካስጨነቃችሁ፣ በተለይ የተቃጠለ ሸራ የሚሸት ከሆነ፣ ሰፋ ያለ ቦታ እንዳገኛችሁ ወጥታችሁ አሳልፉት። ፍሬኑ ያልቻለውን መኪና ፊት ሆኖ መውረድ ጀግንነት አይደለም።

ሁለት ዓይነት የፍሬን ችግር አለ፤ በእግር ይለያሉ። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ መኪናው ካልያዘ ሸራው ሞቋል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከሰመጠ ዘይቱ ፈልቷል። የመጀመሪያው ሲያጋጥም ማርሽ ቀንሳችሁ፣ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። ሁለተኛው ሲያጋጥም ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ደጋግማችሁ ምቱት፤ ግፊት ሊመለስ ይችላል። ማርሹን አንድ በአንድ ቀንሱ፤ የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን ተጭናችሁ እንደያዛችሁ በጥቂት በጥቂቱ ሳቡ፣ አንድ ጊዜ ብትጎትቱት የኋላ ጎማ ቆልፎ ያዞራችኋል። አደጋ ማሳያ መብራት፣ ክላክስ ሳይቋረጥ። ሁሉም እምቢ ካለ በተራራው በኩል ወዳለው ቦይ ወይም ግንብ መኪናውን ማሻሸት ገደሉ ከሚጠብቃችሁ ይሻላል።

ከቆማችሁ በኋላ ዲስኩ ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። የእጅ ፍሬንም አትሳቡ፤ የጋለ ታምቡር ላይ የተሳበ ፍሬን ሲበርድ ሊጣበቅ ይችላል። ማርሽ አስገቡ (አውቶማቲክ ከሆነ "ፒ")፣ ሽብልቁን ከጎማው ሥር አድርጉ፣ ማስጠንቀቂያውን ከኩርባው በፊት አቁሙ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ዘይቱ ፈልቶ ከነበረ ግን ቢበርድም አትመኑት፤ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ለመቆም ምቹ ወደሆነው ቅርብ ቦታ ብቻ ሂዱ፣ ከዚያ መካኒክ ጥሩ።

8. ድልድዩ ላይ

ድልድዩ ላይ አይቆምም። ተሻግራችሁ ወይም ሳትሻገሩ ሰፊ ቦታ ላይ አቁሙ። ወንዙን የተሻገረ ሰው ከጅማ ዞን ወጥቶ የጉራጌ አገር ገብቷል። ድልድይን ፎቶ ማንሳት በጥበቃ የሚከለከል ነገር ስለሆነ ሳትጠይቁ ስልክ አታውጡ። ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር መውረድም አይመከርም፤ ጊቤ ጉማሬም አዞም ያለበት ወንዝ ነው። ማንጎ በወራቱ ከመንገድ ዳር ይገኛል። መኪና ውስጥ ለረጅም ሰዓት አትቀመጡ፣ ልጆችንም ትታችሁ አትውረዱ፤ ሙቀቱ ጅማን ለለመደ ሰው ሳይታሰብ ነው የሚይዘው። አካባቢው የወባ አገር ነው፤ ከመሸ በኋላ እዚያ ላለመገኘት አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው።

9. ዳገቱን መመለስ

አሁን የሚደክመው ፍሬኑ ሳይሆን ሞተሩ ነው። ኤር ኮንዲሽኑን አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩን ሳታስጨንቁ ውጡ። በከፍተኛ ማርሽ እያንቀጠቀጡ መውጣት ያሞቀዋል። የሙቀት መርፌው ከመሀል ከፍ ማለት ሲጀምር ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ ተሳፋሪው ያማርራል፣ ሞተሩ ግን ይተነፍሳል።

ከጫነ መኪና ኋላ ዳገት ላይ ስትቆሙ ቢያንስ አንድ ሙሉ የመኪና ርዝመት ተዉ፤ ሲነሳ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ለማለፍ ሲባል የሚሠራው ትልቁ ስሕተት የፊቱን ርቀት በሜዳ ልማድ መገመት ነው። ዳገት ላይ መኪናው ቀስ ብሎ ነው ፍጥነት የሚያነሳው፤ ሜዳ ላይ የሚበቃችሁን ቦታ እጥፍ ካላያችሁ አትውጡ።

መርፌው ቀዩ ላይ ከደረሰ ጥላ ፈልጋችሁ ዳር ያዙ። እንፋሎት ከሌለና ፋኑ እየዞረ ከሆነ ሞተሩን ለሁለት ደቂቃ ሳታጠፉ ተዉት፤ እንፋሎት ካለ ወዲያው አጥፉ። ክዳኑን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አትንኩ። የራዲያተሩ የላይኛው ጎማ ቱቦ በእጅ ሲጨመቅ ለስላሳ ሲሆን ነው የሚከፈተው፣ ያውም በጨርቅ ይዞ፣ ፊትን አዙሮ፣ ግማሽ ዙር ብቻ አድርጎ እስኪተነፍስ በመጠበቅ። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ጊዜ መገልበጥ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ሊሰነጥቀው ይችላል።

ሰው ከተጎዳ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ያለህበትን ቦታ ሲጠይቁህ "ከሰኮሩ ወደ ጊቤ" ከማለት የቅርቡን ከተማ ስምና ከእሱ የምትርቀውን ኪሎ ሜትር ንገር። ኔትወርክ ከሌለ ወደ ላይ የሚወጣ ሚኒባስ አስቁማችሁ መልእክት ላኩ።

10. ጅማ ከገባችሁ በኋላ

ከአሰንዳቦ እስከ ጅማ ባለው ሜዳ ላይ ሰው ይደክማል፤ ሹፌር የምትቀያየሩ ከሆነ ሰኮሩ ላይ ተቀያየሩ። ቤት ደርሳችሁ መኪናው ከቆመ በኋላ እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ፣ ሳትነኩ፣ አስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ የተለየ የሚጋረፍ ከሆነ የዚያ ጎማ ፍሬን አልለቀቀም፤ በማግስቱ ጋራዥ ይታይ። በበረደ ጊዜ የራዲያተሩን ውሃ ደግማችሁ እዩ። ከጎደለ የት እንደሄደ ሳይታወቅ ሞልቶ ዝም አይባልም።